ልጅቷ ሩ ብትባልስ?

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን በዚሁ በአንባቢያን ገጽ አንድ አንባቢ ስለ ሕፃናት ስም ተቆጥተው የጻፉትን አየሁ። የላከችልኝ የእህቴ ልጅ ናት፤ ገጹን ፎቶ አንስታ በቴሌግራም፣ ከሥሩ የሳቅ ምልክት ደርድራ። እሷ ሳቀች፣ እኔ ግን መልስ ልጽፍ ተነሳሁ። ሰውየው ልክ የሆነ ነገርም ብለዋል፣ ልክ ያልሆነም ብለዋል። ችግሩ ሁለቱን አንድ ላይ ለውሰው ማቅረባቸው ነው።

የሚሉት ባጭሩ ይኸው ነው። አሜሪካ ያለው ወጣት ወላጅ፣ የእኛው ሐበሻም ጭምር፣ ዓለም ተበላሽታ ሰው በሰው ላይ ሲጨክን ከሚያሳዩ ልብ ወለዶችና ፊልሞች፣ ዲስቶፒያ ከሚባሉት ማለት ነው፣ ስም እየለቀመ ለአራስ ልጅ ይሰጣል። አዲስ እብደት ነው ይላሉ። ከእኛ ጋር አይሄድም ይላሉ። ክፉ ዘመንን በስም መጥራት ክፉ ዘመንን መጋበዝ ነውም ይላሉ።

እኔ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። የምሠራው ሕፃናት መዋያ ውስጥ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ስም ስጠራ ነው የምውለው። መጽሐፎቹንም አውቃቸዋለሁ። እዚህ አገር ስመጣ እንግሊዝኛዬን ላሻሽል ብዬ ጀመርኳቸው፣ ብዙዎቹ ለታዳጊዎች የተጻፉ ስለሆኑ ቋንቋቸው አይከብድም፣ ከዚያ በቃ ያዙኝ፣ ሌሊት ሁሉ እያነበብኩ ጠዋት ሥራ ላይ ዓይኔን ማሸት ሆነ። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ትንሽ ደፈር ብዬ ብናገር አይፈረድብኝም።

መጀመሪያ ነገር፣ የተወራለትን ያህል አልተስፋፋም። የአሜሪካ ሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት በየዓመቱ ለሚወለዱ ልጆች የወጡትን ስሞች ከነቁጥራቸው ያወጣል። ዝርዝሩ እስከ እ.ኤ.አ. 1880 ድረስ ወደ ኋላ ይሄዳል። በዓመት ከ5 ልጆች በታች የተሰጠ ስም ብቻ አይወጣም፣ የሰው ገመና እንዳይገለጥ ተብሎ። እንግሊዝና ዌልስም እንዲሁ ያወጣሉ፣ የእነሱ ወሰን 3 ነው። ማንም ገብቶ ማየት ይችላል።

እሺ፣ ካትኒስን እንፈልጋት። የሀንገር ጌምስ ባለታሪክ ናት፣ ገዢዎች የድሆችን ልጆች እርስ በርስ በሚያጋድሉበት ውድድር ውስጥ በቀስት የምትዋጋው ልጅ፣ የሱዛን ኮሊንስ ድርሰት። የመጀመሪያው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2008 ወጣ፣ ፊልሙ በ2012። በዚያ ሰሞን ቀስትና ፍላጻ ግዙልኝ ብላ የማታስቸግር ሴት ልጅ አልነበረችም ማለት ይቻላል። ስሟ ግን እስካሁን አንድም ዓመት ከመጀመሪያዎቹ አንድ ሺህ የሴት ስሞች ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ሰዉ ልጅቷን ወደዳት፣ ስሟን ፈራው።

ትሪኒቲን ደግሞ እዩ። ዘ ማትሪክስ የተባለው ፊልም እ.ኤ.አ. በ1999 ወጣ። ጥቁር ለብሳ ግድግዳ ላይ የምትሮጠው ሴት ትሪኒቲ ትባላለች። በ2000 ስሙ ከመጀመሪያዎቹ መቶ የሴት ስሞች ውስጥ ገባ። ምን ለያቸው? ትሪኒቲ ሥላሴ ማለት ነው፣ ቀድሞም ስም ነበረ። ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሁሉ ያውቀዋል፣ አፍ ላይም አይከብድም፣ ፊልሙ ገፋ አደረገው እንጂ አልፈጠረውም። ፊኒክም ከዚያው ከሀንገር ጌምስ የመጣ ነው፣ ግን ፊን የሚለው ስም ቀድሞ ተወዶ ስለነበር ፊኒክ ሲመጣ ጆሮ አልጎረበጠም። ፕሪምሮዝ፣ የካትኒስ እህት፣ ደግሞ እንግሊዞች ከድሮ ጀምሮ ለሴት ልጅ የሚያወጡት የአበባ ስም ነው። እንግዲህ ወላጅ ከመጽሐፍ ላይ የሚያነሳው አብዛኛውን ጊዜ አፉ የለመደውን ነው። ጸሐፊው እንደሚፈሩት ያበደ ሰው ብዙ የለም።

በነገራችን ላይ ትሪኒቲ የምትባል ሐበሻ ልጅ ካጋጠመቻችሁ ፊልሙን አታንሱባት። ከወለተ ሥላሴና ከኃይለ ሥላሴ ቤት ልትሆን ትችላለች። የማትሪክስ ዋና ባለታሪክ ኒዮ ይባላል፤ ኒዮ የሚባል ደቡብ አፍሪካዊ ካያችሁም እንዲሁ፣ ኒዮ በሴጽዋና ቋንቋ ስጦታ ማለት ነው፣ ማትሪክስ ከመምጣቱ በፊት ስንት ሰው ሲጠራበት ኖሯል።

ሰውየው ካሊሲንም ከዚሁ ጋር ደባልቀዋታል። ካሊሲ ዲስቶፒያ ውስጥ የለችም፣ የንጉሦችና የዘንዶዎች ተረት ውስጥ ነው ያለችው፣ ጌም ኦፍ ትሮንስ። ግን ካነሷት አይቀር ለእኔም ትጠቅመኛለች። ካሊሲ ስም እንኳ አይደለም፣ ማዕረግ ነው፣ እቴጌ እንደማለት። እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ ውስጥ 560 ሴት ልጆች ካሊሲ ተብለው ተመዘገቡ። ባሪያ ነፃ የምታወጣ፣ ለተገፋ የምትቆም ንግሥት ናት ተብሎ። በ2019 ተከታታዩ ሲያልቅ ያቺው ንግሥት እጁን የሰጠ ከተማ ከነሕዝቡ አቃጠለችው! ወላጆቹ ምን ይሁኑ? ልጆቹ ስማቸውን ለምደው መሮጥ ጀምረዋል። የእኔ ምክር ግልጽ ነው፤ ታሪኩ ሳያልቅ ስም አታውጡ።

አሁን ወደ ዋናው ክስ ልምጣ፣ አዲስ እብደት ነው ወደሚለው።

ካሳ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ሲነግሡ ቴዎድሮስ የሚለውን ስም ከየት አመጡት? ሰማዕቱ ቴዎድሮስ እንዳለ አውቃለሁ። ንጉሡ ግን ያሰቡት በፍካሬ ኢየሱስ የተነገረለትን ቴዎድሮስ ነው። ያ መጽሐፍ ስለምን ይናገራል? ስለ ክፉ ዘመን። ገዢው ይከፋል፣ ፍቅር ይጠፋል፣ ጦርነትና ረኃብ ይበዛል፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ይነሣል፣ በእሱ ዘመን ሰላምና ጥጋብ ይሆናል። ልብ ወለድ ነው አላልኩም፣ ካህናት እንዳትቆጡኝ። ግን ንጉሡ ያደረጉትን አስቡት። መሳፍንቱ አገር ተቃርጠው ሲበሉ ያደጉ ሰው ናቸው፣ ዘመናቸው መጽሐፉ ላይ ያለውን ጨለማ ይመስል ነበር፣ እና ከዚያ ጨለማ ውስጥ የአዳኙን ስም መርጠው ለራሳቸው አወጡ። ለልጅ እንኳ አይደለም፣ ለራሳቸው! ዛሬ አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ ቴዲ ብላችሁ ብትጣሩ ስንት ሰው ዞር ይላል?

ከልብ ወለድ ስም ማውጣትም የእኛው ነገር ነው። ከፍቅር እስከ መቃብር በኋላ ስንት ሰብለ ወንጌል ተወለደች። ርዕሱ ላይ መቃብር የሚል ቃል ያለበት መጽሐፍ ነው፣ የሰብለና የበዛብህ ዕጣ ምን እንደነበረ ያነበበ ያውቀዋል፣ ግን ማንም ወላጅ ሟርተኛ ተብሎ አልተሰደበም። ኦሮማይ በ1975 ዓ.ም. ወጣ፣ ወዲያው ከገበያ ተለቀመ፣ ደራሲው በዓሉ ግርማም በዓመቱ ከቤት እንደወጣ ቀረ። ፊያሜታ የሚለው ስም ግን አልተለቀመም። መጽሐፉ በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ስሙም አብሮ ዞሯል፣ እኔ ራሴ ፊያሜታ ከምትባል ልጅ ጋር ነው የተማርኩት፣ ጣሊያን ዘመድ እንደሌላት እናቷ እየማሉ ነበር የሚያስረዱት። አብዮት የሚባሉ የዕድሜ እኩዮቼንማ ተዉት።

ክፉን በስም መጥራት መጋበዝ ነው የሚለውስ? እንግዲያው የገጠር አያቶቻችን ሁሉ ጋባዦች ነበሩ። ማስረሻ ማለት የሆነ ኀዘን አለ ማለት ነው። ምትኩ ማለት ከእሱ በፊት የሄደ አለ። ደምመላሽ ማለት ደም ፈስሷል። ቢያድግልኝን ደግሞ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። እናቲቱ ልጇን በጠራች ቁጥር ፍርሃቷን ትናገራለች፣ በአደባባይ፣ በጎረቤት ፊት፣ ዕድሜውን ሙሉ። እንዲህ ዓይነት ስም የሚያወጣ ሕዝብ ከካትኒስ ምን የሚደነግጠው ነገር አለ?

ያ የተቆጡት ጸሐፊ መጽሐፎቹን አላነበቧቸውም መሰለኝ። ቢያነቧቸው ኖሮ አንድ ነገር ያስተውሉ ነበር። በእነዚህ መጽሐፎች ውስጥ ገዢው መጀመሪያ የሚነካው ነገር ስም ነው።

ሩሲያዊው ዛምያቲን እኛ በሚለው መጽሐፉ ውስጥ ለሰዎቹ ስም አልሰጣቸውም። ዋናው ሰውዬ ዲ-503 ይባላል፣ የሚወዳት ሴት አይ-330። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1924 በእንግሊዝኛ ሲታተም በገዛ አገሩ መታተም አልቻለም ነበር። ከዚያ ሀክስሊ መጣ፣ ብሬቭ ኒው ወርልድ፣ 1932። እዚያ ደግሞ ሕፃን የሚሠራው በጠርሙስ ነው፣ እናት የሚለው ቃል ስድብ ነው። ለሁለት ቢሊዮን የምድር ሕዝብ የተፈቀዱት ስሞች አሥር ሺህ ብቻ ናቸው። ሌኒና፣ ማርክስ፣ ቤኒቶ እያለ የፖለቲከኛ ስም እያነሳ ያድላቸዋል። ኦርዌል 1984 በሚለው መጽሐፉ ላይ ከዚያም ይብሳል፤ መንግሥት የጠላውን ሰው ይገድለዋል ብቻ ሳይሆን ስሙን ከየመዝገቡ ይፍቃል፣ ኖሮም አያውቅም ይባላል። ባለታሪኩ ዊንስተን የሚሠራበት መሥሪያ ቤት የዕለት ሥራው ይኸው ነው።

ከሁሉ ያመመኝ ግን የማርጋሬት አትዉድ ነው፣ ዘ ሀንድሜድስ ቴል፣ 1985። ወንዶቹ ሥልጣን ይዘው መውለድ የሚችሉ ሴቶችን ለሹማምንት ያከፋፍላሉ። ሴቲቱ ስሟ ይወሰድና በጌታዋ ስም ትጠራለች። የፍሬድ ከሆነች ኦፍሬድ፣ የግሌን ከሆነች ኦፍግሌን። ወደ ሌላ ቤት ስትዛወር ስሟም አብሮ ይቀየራል። መጽሐፉ ውስጥ የዋናዋ ሴት እውነተኛ ስም አንድም ቦታ በግልጽ አልተነገረም፤ ጁን ያላት በኋላ የመጣው የቴሌቪዥን ድራማ ነው። እዚህ ላይ ሐበሻ ሴት የአባቷን ስም ይዛ ትኖራለች፣ በባሏ አትጠራም ብለን ደረታችንን እንነፋለን፣ እውነትም ነው፣ እኔም እዚህ አገር ፎርም ስሞላ እኮራበታለሁ። ግን ባገራችን አንዳንድ ቦታ ሙሽራ ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ያወጡላት እንደነበርም አንርሳ። በፍቅር ነው ይባላል። ሙሽሪትን የጠየቃት ሰው ግን አልሰማሁም።

ዘ ጊቨርን ለልጆቻችሁ አንብቡላቸው። የሎይስ ሎውሪ ነው፣ 1993። እዚያ ሕፃን ሲወለድ ቁጥር ነው የሚሰጠው። ስም የሚታደለው ዓመት ሲሞላው በሥነ ሥርዓት ነው፣ የሚመርጠውም ኮሚቴ ነው፣ ወላጅ አይገባበትም። አንድ ልጅ አለ፣ ቁጥሩ 36፣ ክብደት አልጨምር ብሎ ሌሊት የሚያለቅስ። ሕፃናት ተንከባካቢው ሰውዬ ደንብ ጥሶ የስም ዝርዝሩን ቀድሞ ያያል። ገብርኤል ይላል። ከዚያ ማንም ሳይሰማ ጌብ እያለ ይጠራዋል፣ በስሙ ሲጠራ ምናልባት ይበረታ ይሆናል ብሎ። ይህን ሳነብ መዋያው ውስጥ ያሉት ልጆች ናቸው የመጡብኝ። እኛም ዘንድ አዲስ ልጅ ሲመጣ ሲያለቅስ ሲያለቅስ ይቆይና አንድ ሰው በቤቱ ስም ሲጠራው ቀና ይላል። እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ካሌብ የሚባል ልጅ ወንዝ ውስጥ ጠፍቶ ይቀራል። ሕዝቡ ተሰብስቦ ስሙን እየደጋገመ፣ ድምፁን እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ይሄዳል፣ እስኪጠፋ። በኋላ ለወላጆቹ ሌላ ሕፃን ይሰጣቸዋል። ስሙ ካሌብ። ምትኩ ማለት ነው እንግዲህ፣ ልዩነቱ የእኛ ምትኩ የሄደውን እንድናስታውስ ነው የወጣው፣ የእነሱ ደግሞ እንዲረሱት።

ታዲያ ወላጆች ከነዚህ መጽሐፎች የትኛውን ስም ይመርጣሉ? ኦፍሬድን አይደለም። ዲ-503ንም አይደለም። የሚመርጡት ስሙን ያላስነጠቀውን ሰው ነው፣ ወይም ስሙን ራሱ ያወጣውን። ማትሪክስ ውስጥ መርማሪው ሚስተር አንደርሰን እያለ የመሥሪያ ቤት ስሙን ሲጠራበት ልጁ ስሜ ኒዮ ነው ይላል። ለሕፃናት የወጣው ይኼኛው ስም ነው። ሀንገር ጌምስ ውስጥማ ይበልጥ ግልጽ ነው። ዋና ከተማዋ ውስጥ የሚንደላቀቁት የሮማውያን ስም ነው ያላቸው፤ ሴኔካ፣ ቄሳር። ፕሬዚዳንቱ ራሱ ኮሪዮላነስ ነው። ድሆቹ ደግሞ በሣርና በአበባ ስም ይጠራሉ። ካትኒስ ራሷ ውኃ ዳር የምትበቅል፣ ሥሯ የሚበላ ተክል ናት፤ አባቷ ስሟን ሲያወጣላት ረኃብ ያለበት አገር እንደሆነ ያውቃል። የዘንድሮ ወላጅ ሲመርጥ ከድሆቹ ወገን ሄዶ ነው የሚመርጠው። ይኼ ለእኔ እብደት አይመስለኝም።

አሁን ሰውየው ልክ ወደሆኑበት ልምጣ፣ ምክንያቱም ቤቴ ውስጥ ያለ ጉዳይ ነው።

ያቺ ጽሑፉን የላከችልኝ የእህቴ ልጅ ነፍሰ ጡር ናት። ሴት ናት ተብላለች። ስሟን ሩ ልላት ነው አለችን። የቤተሰቡ ቴሌግራም ግሩፕ ተናወጠ። ኮተቤ ያለችው እናቴ በድምፅ መልእክት፣ "ሩ ምንድን ነው? ሩዝ ልትይ ፈልገሽ ነው?" አለች። ልጅቷ አስረዳቻት፤ "እማማ፣ ሩ እኮ ጤና አዳም ናት፣ ቡና ላይ የምታደርጊያት።" እናቴ ትንሽ ቆይታ፣ "እና ጤናዬ በያታ፣ ምን ያስጨንቅሻል?" ብላ ዘጋችው። ለእሷ ጉዳዩ አለቀ።

ለእኔ አላለቀም፣ ስሙ የመጣበትን ሀንገር ጌምስን አንብቤዋለሁ። ሩ 12 ዓመቷ ነው። ልጆችን እርስ በርስ ከሚያጋድለው ውድድር ውስጥ ገብታ በጦር ተወግታ ትሞታለች። ፕሪምም፣ ፕሪምሮዝ ማለት ነው፣ ትሞታለች፣ በመጨረሻው መጽሐፍ፣ በቦምብ። ካትኒስ ያን ሁሉ መከራ የጀመረችው እሷን ለማዳን ነበር። ፊኒክ ደግሞ፣ ያ መልከ መልካሙ፣ ፕሬዚዳንቱ ገላውን ለባለገንዘብ ሲሸጠው ኖሮ በመጨረሻ ነፍሰ ጡር ሚስቱን ትቶ ይሞታል። እዚህ አገር ፊኒክ የሚለውን ስም ድምፁ ያምራል ብለው ብቻ ያወጡ ሰዎች አውቃለሁ። ስሙ ከየት እንደመጣ ስጠይቅ ከአንድ ዝርዝር ላይ አየነው ይላሉ። ልጁ 14 ዓመት ሲሞላው መጽሐፉን ከትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ያወጣዋል፣ አይቀርም፣ ከዚያ እኔን በማን ስም ነው የጠራችሁኝ ብሎ ሲመጣ መልስ ሊኖራቸው ይገባል። እኔ የምቆጣው እነዚህ ላይ ነው። ሰውየውም እነዚህን ለይተው ቢቆጡ ኖሮ አብሬያቸው እፈርም ነበር።

የእህቴን ልጅ ይህንኑ አልኳት። ቢያድግልኝ ብሎ ስም በሚያወጣ ሕዝብ መሀል ለሕፃን የሞተች ልጅ ስም ማውጣት አይከብድም ወይ አልኳት። መልሷን ልጻፈው፣ ምክንያቱም ከእኔ ይሻላል። "አክስቴ፣ እዚያ ውድድር ላይ የሚሞት ልጅ ይሞታል፣ ሬሳው ይነሳል፣ ጨዋታው ይቀጥላል። ሩ ስትሞት ግን ካትኒስ ቁጭ ብላ በአበባ ሸፈነቻት። የሩ ድሃ ሰፈር ሰዎች ደግሞ ለማያውቋት ለካትኒስ ዳቦ ላኩ። ሁሉም ነገር የተለወጠው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ልጄን የምጠራው በሞቷ አይደለም፣ ሰው አድርገው ባለቀሱላት በእሷ ነው።" አላሳመነችኝም፣ አሁንም ሆዴ አልቆረጠም። ግን አንብባ፣ አስባ፣ ምክንያቷን ይዛ ነው የመጣችው። ከዚህ በላይ ከወላጅ ምን ይጠየቃል?

ለመሆኑ እኔ ስሙ ላይ ያለኝ ቅሬታ ሌላ ነው። የአባቷ አባት ገብረመድኅን ናቸው። እዚህ አገር ፓስፖርት ላይ ሩ ገብረመድኅን ሊባል ነው። ከፊት አንዲት ፊደል፣ ከኋላ ባቡር። የመዋያችን ሠራተኞች የመጀመሪያውን በአንድ ትንፋሽ ብለው ሁለተኛው ላይ ሲደናቀፉ ይታየኛል። አገር ቤት ደግሞ ሩ ብሎ የሚቆም ሰው የለም፣ ሩሩ ይሏታል፣ ሩታ ይሏታል፣ ሩት ብለው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያስገቧታል። ስም ከማውጣታችሁ በፊት በር ላይ ቆማችሁ ጮክ ብላችሁ ተጣሩበት። በሁለቱም ቋንቋ። ስትቆጡም ስታቆላምጡም። ካትኒስ ሲቆላመጥ ምን ይሆናል? እኔ ሞክሬ አልሆነልኝም።

ሃይማኖቷ ይጠፋል ለሚሉት ደግሞ፣ ልጅቷ በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሳለች። ካህኑ ወለተ እገሌ ብለው የራሷን ስም ይሰጧታል። ስንቶቻችን ነን መታወቂያችን ላይ አንድ ስም፣ ቁርባን ላይ ሌላ ስም፣ ሰፈር ውስጥ ሦስተኛ ስም ይዘን የምንኖረው። ቦታ አለ፣ ሩም ትገባለች።

አንድ ጥያቄ ለአገር ቤት ሰዎች አቅርቤ ልጨርስ። ኢትዮጵያ ውስጥ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ ከተጀመረ ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ሕፃናት ሲወለዱ ስማቸው መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ታዲያ መዝጋቢው መሥሪያ ቤት ለምን በየዓመቱ የስሞቹን ዝርዝር ከነቁጥራቸው አያወጣም? የማንንም ገመና ሳይነኩ፣ እንደነዚህኞቹ ዝቅተኛ ቁጥር ወስነው። ደሴ ላይ ዘንድሮ የቱ ስም እንደበዛ፣ ሐዋሳ ላይ የቱ እንደቀረ፣ የቱርክ ድራማ ስንት ልጅ ላይ እንዳረፈ፣ ካትኒስ ቦሌ ደርሳ እንደሆነም እናያለን። ያኔ ከእኚህ ጸሐፊ ጋር በወሬ ሳይሆን በቁጥር እንከራከራለን። ጋዜጣችሁ ጠይቆ ቢያሳትመው እኔ የመጀመሪያዋ ገዢ ነኝ፣ ፖስታውን ራሴ እከፍላለሁ።

የእናንተው አንባቢ
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ